የታዘዘ ልቅሶ፣ የተከለከለ ልቅሶ

እናቴ አብዮቱን ስታወራ የምትጀምረው ከእግር ጉዞ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ተማረው ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አዲሱን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ። እሷ ያኔ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ከጉለሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ እየተመላለሰች ሰልፍ ማየት ሥራዋ ሆነ። የማታየው የሰልፍ ዓይነት አልነበረም። ከሁሉ አብልጣ የምታነሳው ግን በሚያዝያ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ከተማዋን ያጥለቀለቁበትን፣ ክርስቲያኖችም ደግፈዋቸው አብረው የወጡበትን ቀን ነው። «ሰው ሁሉ ደግ የሆነ ይመስል ነበር» ትላለች።

አያቴ ባሏ የሞተባት ጠላ ሻጭ ነበረች። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ በአንደኛው ደንበኞቿን እያስተናገደች በሌላኛው ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። የአብዮቱን ወሬ የምትሰማው ከጠጪዎቿ ስለነበር ሁሌም ከሬዲዮው አንድ ቀን ትቀድማለች ወይም አንድ ቀን ትዘገያለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ ሲባል ግን ወሬው ለሁሉም እኩል ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤቶች ቤት ሰው ታጭቆ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን ፊልም፣ በመካከሉም የቤተ መንግሥቱን ግብር አይቶ ነበር። አያቴ ለንጉሡ አላለቀሰችም። «ዕድሜ ከልክ ሲያልፍ እንዲህ ነው» ብላ ጌሾዋን መውቀጥ ቀጠለች።

ኅዳር 14 ሌሊት 60 ሰዎች ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉበት ነው። በማግሥቱ እሑድ ሬዲዮው ስማቸውን ሲዘረዝር ጠላ ቤቱ ውስጥ ጣሳ የሚያነሳ ጠፋ። ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም ሲባል የከረመው በአንድ ሌሊት አበቃ። እናቴ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ስጠይቃት አትሸፋፍንም፤ አልደነገጠችም። «የሚገባቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ፍርድ ቤት ለምን አልቀረቡም ያለችው እማዬ ብቻ ናት፤ እኔም ወንድሜም ፊውዳል እያልን ሳቅንባት።» ይህን ስትናገር ድምፅዋ አይለወጥም። እኔ ግን ከሁሉም ታሪኳ ይህቺን ክፍል በተለይ አከብርላታለሁ፤ ብዙ የዚያ ትውልድ ሰው ሲተርክ ከዚህች ቀን ላይ ዘሎ ያልፋል።

ከወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 12፣ እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። እናቴ ካኪ ለብሳ አርሲ ዘመተች። ወንድሟ ዕድሜውም ክፍሉም ስላልደረሰ ቀረ። በዘመቻው ሳለች የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ አዋጁን ለገበሬው ካነበቡትና ካስተረጎሙት ዘማቾች አንዷ እሷ ናት። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የተነበበው ወረቀት ይሰጠኝ ብሎ ተቀብሏት፣ አገላብጦ አይቶ፣ አጥፎ ከራስ ጥምጥሙ ውስጥ ሻጠው። የባለ መሬቱ የጭሰኞች ተቆጣጣሪ እዚያው ስብሰባ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። እናቴ ስለ አብዮቱ ክፉ ነገር ሲነገር እየሰማች ዝም ብላ ትቆይና በመጨረሻ ይህን ሽማግሌ ታነሳለች።

አያቴም በበኩሏ ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘውን የወታደሮች ደርግ የመረቀችበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የቤት ኪራይዋ ቀነሰ፤ የምትከፍለውም ለአከራይዋ መሆኑ ቀርቶ ለቀበሌ ሆነ። ቀበሌ የሚባለው ያኔ አዲስ ነገር ነው። የሠፈር ሰው መርጦ ያቋቋመው፣ ኪራይ የሚሰበስብ፣ ስኳርና ጨው የሚያከፋፍል፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ቤት ነበር። ጠመንጃ የያዘው በኋላ ነው።

እናቴ በ1968 ከዘመቻ ስትመለስ ወንድሟ ሌላ ልጅ ሆኖ ጠበቃት። ቁመቱ ተመዝዟል፣ ኳስ ቀርቷል፣ ማታ ማታ ይጠፋል። ሲመጣ እጁ ላይ የማባዣ ቀለም አለ። በዚያን ጊዜ ከተማው ለሁለት ድርጅቶች ተከፍሎ ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ይላል፤ መኢሶን ደግሞ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጠን ሕዝቡን እናደራጅ ይላል። ሁለቱም ማርክስና ሌኒንን ይጠቅሳሉ፤ መሪዎቻቸውም አውሮፓና አሜሪካ አንድ የተማሪ ንቅናቄ ውስጥ የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። የኢሕአፓ ልሳን ዴሞክራሲያ በድብቅ ይበተናል፣ የመኢሶኑ የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ከወዲያ ይመልሳል። አንዱ ጓደኛ ሌላውን ጓደኛ ሰላም ማለት ያቆመው በዚያ ሰሞን ነው። አጎቴ የኢሕአፓ ወጣቶች ሊግ አባል መሆኑን ለእናቴ አልነገራትም። አልጠየቀችውም፤ ካላወቅሽ አትናገሪም ነው ነገሩ።

መስከረም 1969 በወቅቱ የደርግ ምክትል ሊቀመንበር በነበረው በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ደርግ ኢሕአፓን በይፋ ጠላት አለ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ ሰው በቀን በሽጉጥ ይወድቅ ጀመር፤ የመኢሶን ሰው፣ የቀበሌ ሹም፣ የደርግ ደጋፊ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር መሪ። ነጭ ሽብር የተባለው ይህ ነው። በእናቴ ሠፈርም የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ከአብዮቱ በፊት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ የነበረ፣ ልጆቹ ከእናቴ ጋር ሰኞ ማክሰኞ የተጫወቱ ሰው ነው። ቀብሩ ላይ ማርሽ ባንድ መጣ። ነዋሪው በየቤቱ ተጠርቶ፣ ስሙ በመዝገብ እየተመዘገበ ወጣ። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ያስረዳል። ሴቶቹ ደረት እንዲመቱ ታዘዙ፤ መቱም። እናቴ ከሰልፉ ውስጥ ሆና የሟቹን ልጆች አየቻቸው። እነሱ የሚያለቅሱት ከባንዱም ከመፈክሩም ውጭ ነበር። እሷ አንድም እንባ አልወጣትም። አጠገቧ የነበረው ወንድሟ ደግሞ ጫማውን ጫማውን ያይ ነበር። ያወቀው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የምታሰላስለው እሱን ነው።

ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ ሥልጣኑ ተጠቅልሎ በመንግሥቱ እጅ ገባ። አብዮት ጠባቂዎች ታጠቁ። በመጋቢት የመጀመሪያው የቤት ለቤት አሰሳ ታወጀ። ከተማው ተዘጋ፤ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ተባለ። የሚፈለገው መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የማባዣ መኪናና ወረቀት ነው። አጎቴ ከቤት ጠፍቷል። አያቴ ማንበብ አትችልም፤ የትኛው ወረቀት እንደሚያስገድል በምን ትለየው? ስለዚህ ፊደል ያለበትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ዴሞክራሲያ ነደደ፤ የሌኒን መጽሐፍ ነደደ፤ የእናቴ የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ ደብተርም፣ የልጇ የስምንተኛ ክፍል ማለፊያ ካርድም ነደደ። በዚያ እሳት ላይ ምጣድ ጥዳ እንጀራ ጋገረች፤ ጭሱ እንዳያጠራጥር። አሳሾቹ ሲገቡ ትኩስ እንጀራ በወጥ አቀረበችላቸውና በሉ። የሌኒን መጽሐፍ እኮ በየመደብሩ በግላጭ ይሸጥ ነበር። አያቴ ይህን በኋላ ስትሰማ የተናደደችው ለማለፊያ ካርዱ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ቀበሌው ነዋሪውን ወደ አብዮት አደባባይ ይዞ ወጣ። መንግሥቱ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ከመድረክ ላይ እየወረወረ የሰበረበት ቀን ነው፤ የፀረ አብዮተኞች ደም እንዲህ ይፈሳል ለማለት። ይህ ትዕይንት በፊልም ስለተቀረጸ የዚያን ዘመን ወሬ የሚያወራ ሁሉ ያየው ይመስለዋል። እናቴ አደባባዩ ውስጥ ቆማ አላየችውም። ከመድረኩ በጣም ሩቅ ነበረች፤ አንዲት ትንሽ ሰው ክንዷን ስታነሳ አየች፣ ቀጥሎ ፊት ያሉት ሲጮሁ ሰማች፣ እሷም ከአጠገቧ ካሉት ጋር አጨበጨበች። ምን እንዳጨበጨበችለት ያወቀችው ማታ ቤት ስትገባ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሚያዝያ 21 ማታ፣ ለሜይ ዴይ ዋዜማ ሰልፍ ሊወጡ የተሰበሰቡ ወጣቶች ላይ ተተኮሰ፤ የተያዙትም ተወስደው ተገደሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጢም ያላበቀሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። እናቴ ስለዚያ ሌሊት የምትናገረው ጥቂት ነው። ተኩሱ ከየት በኩል እንደነበር በእጇ ታሳይና ወደ ሌላ ነገር ትሄዳለች።

ክረምቱ ሶማሊያ ኦጋዴንን የወረረችበት ነው። ወሬው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረ። በነሐሴ መኢሶን ከደርግ ተጣልቶ ሲሰወር፣ ትናንት አሳሽ የነበሩት ተራቸው ደርሶ ይታሰሱ ጀመር፤ አያቴ በዚህ ጊዜ ሌኒንን ያቃጠሉት የመኢሶን ሚስቶች ናቸው እያለች ትተርብ ነበር። ቀይ ሽብር ይፋፋም የሚለው መፈክር በየግንቡ የተጻፈው፣ ቀበሌና የቀበሌዎች የበላይ የሆነው ከፍተኛ ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ያገኙት ከዚያ ወዲያ ነው። ሬዲዮው የፍየል ወጠጤ የሚለውን ዘፈን ሲያሰማ የእናቶች ሆድ ይንቦጫቦጫል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ዝርዝር ነውና።

አጎቴን ታኅሣሥ 1970 ሌሊት ከቤት ወሰዱት። ከወራት መሸሸግ በኋላ ልብስ ሊቀይር ብቅ ያለበት ማታ ነው፤ ማን እንዳየው አይታወቅም። በሩን ያንኳኳው የጎረቤት ልጅ፣ ከአያቴ ገበታ ላይ በልቶ ያደገ፣ ያኔ አብዮት ጠባቂ ሆኖ የነበረ ወጣት ነው። «እትዬ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አላት። አጎቴ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ወጣ። አያቴ ሽፍን ጫማውን ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለቻቸው። «ብርድ ነው ልጄ፣ ይህን ያድርግ» ስትል ልጁ ዞር ሳይል «አያስፈልገውም» አላት። ይህን ጫማ እናስቀምጠው፤ ከዓመታት በኋላ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከፍተኛው እስር ቤት ባደረገው አንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ አሰሩት። የእናቴ ሥራ ስንቅ ማድረስ ሆነ። አያቴ ትሠራለች፣ እናቴ ባለ ሁለት ደርብ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች። ሰልፉ የሴቶች ነው፤ እናት፣ እኅት፣ ሚስት። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ እንጀራውን ይበጣጥሳል፣ ወጡን በእንጨት ያማስላል፤ ወረቀት ተደብቆ እንዳይገባ። እንጨቱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ የሰው ሁሉ ወጥ ከሰው ሁሉ ወጥ ጋር ይቀላቀላል። የጾም ይዛ የመጣች ሴት ለእስረኛዋ ሥጋ የነካው ሽሮ ይደርሰዋል። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ አንዳንዴ ትስቃለች። አንዲት ቆራቢ ባልቴት ለጠባቂው «እባክህ የኔን አስቀድመህ አማስለው» ብለው ይለምኑት ነበር አሉ፤ እሱም ይሰማቸው ነበር።

ባዶ ምሳ ዕቃው ከሰዓት ይመለሳል። አጎቴ ከእንጀራው አንዲት ቁራሽ አራት ማዕዘን አጥፎ የታችኛው ሳህን ላይ ይተዋል። ያቺ የታጠፈች ቁራሽ አለሁ ማለት ናት። አያቴ እቤት ክዳኑን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው። አንድ ቀን ምግቡ ተበልቶ ቁራሿ ጠፋች። አያቴ ሌሊቱን ተቀምጣ አነጋች። በማግሥቱ ሁለት ቁራሽ መጣ። ምን ሆኖ እንደነበር፣ ለምን ሁለት እንዳደረገው፣ ወፌ ላላ ተሰቅሎ ማጠፍ አቅቶት ይሁን ወይም ሌላ ሰው በልቶለት፣ የሚናገር የለም። የካቲት ሲጋመስ ግን ጠባቂው የእናቴን ምሳ ዕቃ ክዳኑን ሳይከፍት መለሰላት። «ስንቅ አያስፈልገውም» አለ። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ ብለው አሳለፏት እንጂ አንዳቸውም አልተናገሩም። የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

በዚያ ወራት ሬሳ በየመንገዱ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ያድራል። ቤተሰብ ልጁን ሲያውቀው አላወቅሁትም ብሎ ያልፋል፤ ያወቀ ይያዛልና። ሬሳ ለመውሰድ የተፈቀደለት ደግሞ ልጁ የተገደለበትን የጥይት ዋጋ ይከፍላል። እናቴ ጠዋት ጠዋት የሆስፒታል ሬሳ ቤት በር ላይ ትቆም ነበር። አላገኘችውም፤ ስለዚህ ቤታቸው ጥይት አልከፈለም። ከሠፈሩ የከፈለ አባት አለ። ብሩን ቆጥሮ ሲሰጥ ደረሰኝ እንደጠየቀ ይወራል።

ማልቀስ ክልክል ነው። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ልቅሶ መድረስ፣ ሁሉም ፀረ አብዮትነት ነው። በዚህ መሀል ጅጅጋ ነፃ ወጣች፤ የካቲት 26 ቀን 1970። የካራማራ ድል ትልቅ ድል ነበር፤ እናቴም ትላለች፣ የአገር ድል ነበር። ቀበሌው ነዋሪውን ለደስታ ሰልፍ ጠራ። አያቴም ወጣች። እልል በሉ ሲባል እልል አለች። ድምፅዋ ከሁሉም ይበልጥ ይሰማ ነበር፤ እናቴ እስከዚያን ቀን እናቷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም። ከሰልፉ ሲመለሱ ጎረቤቶች ፊታቸውን አዞሩ። ገብቷቸዋል።

ታሪክ ጸሐፊዎችና የዚያ ዘመን መሪዎች ስለ ቀይ ሽብር ብዙ ጽፈዋል። ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ የቱ ድርጅት የቱን ከዳ፣ የሟቹ ቁጥር አሥር ሺዎች ነው ወይስ ግማሽ ሚሊዮን በሚለው ዛሬም ይነታረካሉ። ክርክሩ አያስፈልግም አልልም። ከእናቴ አፍ የሰማሁት ግን በክርክሩ ውስጥ ቦታ አጥቶ ያየሁት ነገር አለ፤ ደርግ ገዳይ ብቻ ሳይሆን የልቅሶ አዛዥም ነበር። ለእነዚህ አልቅሱ፣ ለእነዚያ ሳቁ ይላል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጆችም የአባታቸውን ቀብር ባንድ ቀምቷቸዋል።

አያቴ መላ አበጀች። ነጠላዋን ቤት ውስጥ ዘቅዝቃ ትለብስና ሰው ሲያንኳኳ ትገለብጠዋለች። ልቅሶ የተፈቀደበትን ቤት ትፈልጋለች። በዕድሜ የሞተ ሽማግሌ፣ በወሊድ የሞተች ሴት ካለ፣ ሠፈሩ ሩቅ ቢሆን፣ ሟቹን ባታውቀው፣ ትሄዳለች። እዚያ ደረቷን እየመታች፣ እየወደቀች፣ ቤተ ዘመድ እስኪያስተዛዝናት ድረስ ታለቅሳለች። በየልቅሶ ቤቱ እንደሷ ያሉ ማንም የማያውቃቸው ሴቶች ነበሩ ትላለች እናቴ፤ ባለ ልቅሶዎቹ ከየት መጣችሁ ብለው አይጠይቁም። ፍትሐቱንም አልተወችውም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለነፍስ አባቷ የልጇን የክርስትና ስም ሰጠች። የቀበሌው መዝገብ ላይ ያለው የዓለም ስሙ ነው። በክርስትና ስሙ ቅዳሴ መካከል ሲጠራ አጠገቧ ካድሬ ቢቆምም የማን ልጅ ነው አይልም። አርባውም ሙት ዓመቱም በዚህ ወጣ።

ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አያቴ ተመዘገበች። ላልተመዘገበ ስኳር መከልከል አለ፤ ያም ሆኖ ፈልጋው ነው። የተማረችው ልጇ መጀመሪያ በታሰረበት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ፊደል ቆጠረች፣ ስሟን ጻፈች፣ ጋዜጣ ርእስ ማንበብ ቻለች። «ያኔ ማንበብ ብችል ካርዱን አላቃጥለውም ነበር» እያለች ትቆጭ ነበር።

በሩን ያንኳኳው ልጅ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከና በ1970ዎቹ አጋማሽ መርዶው መጣ። አያቴ ሄደች። ከእናቱ እኩል አለቀሰች። እናቴ በቁጣ «ለማን ነው ያለቀስሽው?» ብትላት «ለሁለቱም፤ አብረው ነው ያደጉት» አለቻት። እናቴ ያን ቀን ልቅሶ ቤት አልገባችም፤ እስከ ዛሬም አልገባም ነበር ባይ ናት። አንድ እድር ውስጥ ግን ኖረዋል፤ የልጁ እናት ስታርፍ ሬሳዋን የተሸከመው የኛ እድር ነው።

ሥራ መያዝ፣ ማግባት፣ እኔን መውለድ፣ የ1977 ረሃብ፣ የኢሠፓ ስብሰባ፣ ወረፋ፣ ሁሉም አለፈ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ቀትር ላይ ሬዲዮው መንግሥቱ ከአገር መውጣቱን ተናገረ። አያቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ መንገድ ወጣች።

ድንኳኑ የተጣለው ግን በ1984 ነው። በዚያ ዓመት የጅምላ መቃብሮች ይቆፈሩ ጀመር፤ የ60ዎቹ ሰዎች ዐፅምም ከከርቸሌ ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በኋላም የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው ኮተቤ ሲቆፍሩ አንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ ያለባቸው ዐፅሞች አገኙ። ጥይት ተቆጥቦ መሆኑ ነው። ቤተሰብ የራሱን ሰው የሚለየው በልብስ ቅዳጅ፣ በቀበቶ፣ በጥርስ፣ ከሁሉም በላይ በጫማ ነበር። ቆዳና ጎማ ከሥጋ ይቆያል። እናቴ ጉድጓዶቹ አፋፍ ላይ ከቆሙት መካከል ነበረች። አንዲት ሴት የልጇን ጫማ ተረከዙ ላይ በተመታው ቁራጭ ጎማ አውቃ ስትጮህ ሰማች። የወንድሟ ሽፍን ጫማ ግን እቤት ሳጥን ውስጥ ነው። በነጠላ ጫማ የወጣ ልጅ በምን ይታወቃል? ዐፅሙ አልተገኘም። አያቴም «ይብቃ» አለችና ያለ ዐፅም ድንኳን ተጣለ። እድሩ ወንበር አመጣ፣ ሠፈሩ ተሰበሰበ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ሙሾ ወረደለት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጆች፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ሦስቱንም ቀን መጥተው ተቀመጡ። እናቴ ለአባታቸው አለማልቀሷን ያስታወሰችው ሻይ ስትሰጣቸው ነው።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ 5,198 ሰዎችን ከሰሰ። የባለሥልጣናቱ ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተጀምሮ ጥፋተኝነቱ የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት። አያቴ በዚያ መሀል ዐረፈች። መንግሥቱ ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ ግንቦት 18 ቀን 2000 ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደበት። እናቴ አንዲት የዘመቻ ጓደኛ አለቻት፤ አርሲ አንድ ጎጆ አብራት ያደረች፣ በኋላ ታስራ እግሯን የተገረፈችና አሜሪካ የተሰደደች ሴት ናት። የአሜሪካውን ወሬ በስልክ የምትነግራት እሷ ነበረች። ቀልቤሳ ነገዎ የተባለውን የአዲስ አበባ የከፍተኛ ሊቀመንበር፣ አትላንታ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ፣ እዚያው የምትሠራ አንዲት የቀድሞ እስረኛ እንዴት እንዳየችው፣ ሦስት ሴቶች ከስሰውት በ1985 ፍርድ ቤቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ እንደፈረደላቸው ደጋግማ ታወራላታለች። ገንዘቡ ተከፍሎ አልነበረም ደስታዋ። በ1999 ተጠርዞ አዲስ አበባ ሲገባ ደውላ አለቀሰች።

የካቲት 28 ቀን 2002 በመስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። እናቴ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ከግድግዳው ፎቶዎች ይልቅ የቆየችው በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ከተደረደሩት ልብሶችና ጫማዎች ፊት ነው።

በዚያው ሰሞን የሃይማኖት አባቶች ለሞት ፍርደኞቹ ምሕረት እንዲደረግ መንግሥትን ጠየቁ። ግንቦት 2003 የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ መስከረም 2004 ሃያ ዓመት የታሰሩት የደርግ ባለሥልጣናት በአመክሮ ተፈቱ። እናቴ ይውጡ ባይ ሆነች። «አርጅተዋል፤ ቤታቸው ሄደው ይሙቱ። ልቅሷቸውን የሚከለክል አይኑር» አለች። ጓደኛዋ ከአሜሪካ ደውላ «አንቺ ማነሽ ይቅር የምትይ? የተገረፈው እግር የኔ ነው!» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። እናቴ ደግሞ የተገደለው ወንድም የሷ መሆኑን ልትነግራት ስትል ነው መስመሩ የተቋረጠው። ከወራት በኋላ ለዓመት በዓል ተደዋውለው ታረቁ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ኪራይ ያወራሉ። ስለ ምሕረቱ ግን አንዷም ለሌላዋ አልተሸነፈችላትም። እኔ መሀላቸው ገብቼ የእናቴን ሐሳብ ለማስረዳት ስሞክር ጓደኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ «እናትህ ትክክል ልትሆን ትችላለች። እኔም እንዲሁ። አንተ ግን ዝም በል።»